የቀኙ ወንበር

ባለፈው ሳምንት ነርሷንና ቀያሹን ትተናቸው የሄድነው ተኮራርፈው ነበር። እሷ «ወይ አባቴን ፊት ለፊት ጠይቅ፣ ወይ እኔን እርሳኝ» ብላዋለች፤ እሱ ደግሞ መልስ ሲያጣ እንደ ልማዱ መኪናው ሥር ገብቶ ተንጋሏል። ሰው ሲጨንቀው የሚሸሸግበት አያጣም። ይሄኛው መፍቻ ይዞ ነው የሚሸሸገው።

ታሪኩን ዛሬ ለሚጀምር ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ቀያሹ የሟቹ ሾፌር ልጅ ነው። ሾፌሩ ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ የኖረው የነርሷን አባት፣ አሁን ጡረታ የወጡትን ዳኛ ነበር። ዳኛው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የሾፌራቸው ልጅ አማቻቸው ሊሆን ነው የሚለው ነገር አልዋጥ ብሏቸዋል። አይቆጡም፣ አይከለክሉም። ነገሩ ሲነሳ ብቻ ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ይሸፍናሉ።

ሁለቱን ያቀራረበቻቸው መኪና ናት። ቀያሹ ዶሮ ሲያድርባት የኖረች አንዲት አሮጌ የስፖርት መኪና ገዝቶ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለችው የጣውላ ቤት ውስጥ ብሎን በብሎን ፈትቶ እንደገና ገጠማት። ሞተሯ ከኋላ ነው። ራዲያተር የላትም፤ የሚያበርዳት ንፋስ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ መኪናዎችን የሚወዱ ሰዎች ራሳቸውን እንደ ዘመድ ነው የሚቆጥሩት፤ አንዱ የጠፋበትን ዕቃ ሌላው ከሰው አገርም ቢሆን ፈልጎ ያመጣለታል። ነርሷ መጀመሪያ የመጣችው ለወሬ ነበር። ከዚያ ብርሃን መያዝ ጀመረች፤ ከዚያ መፍቻ ማቀበል፤ ከዚያ ራሷ መፍታት። ፍቅሩም ግሪሱም አንድ ላይ ነው እጇ ላይ የቀሩት።

ነርስነቷ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። እዚያ ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊት ደም የጠጣው ጨርቅ ሁሉ ይቆጠራል፤ አንድ ጎደለ ማለት ሰው ሆድ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ይህንን ሕግ ወደ ጣውላ ቤቷ ይዛው መጣች። ቀያሹ ሞተር ሲፈታ ብሎን እንዳይገባበት ክፍት ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ይወትፋል፤ እሷ ደግሞ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ጨርቆቹን አንድ በአንድ ትሰበስባለች። «ሲስተር ሳትፈርም ሞተር አይነሳም» እያለ ይቀልድባት ነበር። ቀልዱን ይወዱት ነበር፣ ሁለቱም።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ዳኛው ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉና ልጃቸውን አዩዋት።

«ያቺ የሚወራላት መኪና ዳገት ትወጣለች?»

«ትወጣለች፣ አባባ።»

«እንግዲያስ ቅዳሜ ጠዋት ተራራው ድረስ ይውሰደኝ በይው። ብቻችንን።» ትንሽ አሰቡና «ከኋላ ነው የምቀመጠው» አሉ።

የኋላ ወንበሯ ቦርሳ እንኳን በግድ ነው የምትይዘው። ዳኛው ግን በሕይወታቸው ከሾፌር ጎን ተቀምጠው አያውቁም። ልጅቷ የኋላ ወንበሯ እንደማትበቃቸው አልነገረቻቸውም። ቅዳሜ ራሳቸው አይተው ይቁረጡት ብላ ዝም አለች፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ቅዳሜ ጠዋት ነርሷ ከሁሉም ቀድማ ጣውላ ቤቷ ገባች። ቀያሹ ነዳጅ ሊያመጣ ወጥቷል። ከኩርፊያው ወዲህ አልተነጋገሩም፤ ቢሆንም መኪናዋን ሲያዩዋት የምታኮራ እንድትሆንለት ፈልጋ መስተዋቱን ወለወለች፣ ወንበሮቹን አራገፈች። የቀኙ ወንበር ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ፈገግ አለች። አባቷ እንደ በሽተኛ ጉልበታቸውን መሸፈን ውርደት ነው የሚመስላቸው። ብርድ ልብሱን አንስታ መደርደሪያው ላይ አኖረችው።

ከዚያ እንደ ሕጓ የሞተሩን ክዳን ከፍታ አየች። በቀኝ በኩል ወደ ተሳፋሪው እግር ሙቀት የሚወስደው ወፍራም ቱቦ ተነቅሏል፤ አፉ ውስጥ ሰማያዊ ጨርቅ ተወትፏል።

«ረስቶታል» አለች ለራሷ።

እንዴት ቢጨነቅ ነው ይህንን የረሳው? ጨርቁን ሳበች፣ ቱቦውን ወደ ቦታው መለሰች፣ ማሰሪያውን አጠበቀች። ሥራው ንጹሕ ነበር። ጨርቁን አጥባ ደጅ ገመዱ ላይ አሰጣችው። የአባቷ ጉልበት እንዳይበርደው ያደረገችው ነገር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ደስ ሊላት የሚችል ሥራ ነበር።

ቀያሹ ተመልሶ ነዳጁን ሞልቶ ሳይጨርስ ዳኛው ደረሱ። ከዘራቸውን ይዘው መኪናዋን ዙሪያዋን አዩዋት። የኋላ ወንበሯንም አዩዋት፤ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ወደ ፊት በር ሄዱና በቀኙ ወንበር ተቀመጡ። ቀያሹ በሩን ዘጋላቸው።

ነርሷ በመስኮቱ ጎንበስ አለች። «ቢበርድዎ አባባ፣ በሁለቱ ወንበር መሃል ያለችውን ቀይ እጀታ ወደ ላይ ይሳቧት። ከእግርዎ ሥር ሙቀት ይመጣል።»

ዳኛው መስኮቱን እስከ ጫፉ ዘጉት። ንፋስ ይፈራሉ።

ቀያሹ በዚያኛው በኩል ቆሞ በጣሪያው ላይ አያት። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው እይታ ነበር። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። «ብርድ ልብሱስ?» አላት።

«አይወዱም። አንሥቼዋለሁ።»

«አይ፣ እሱን እኮ ያስቀመጥኩት...»

«እንሄዳለን ወይስ እዚሁ እናረጃለን?» አሉ ዳኛው ከውስጥ።

ቀያሹ አፉን ዘጋ። ዛሬ ጠያቂ ሊሆን ነው የሚሄደው፤ ጠያቂ ደግሞ አያስጠብቅም። እያያት ገባ። መኪናዋ በዚያ በሚወዱት ደረቅ ድምጿ አጉረምርማ ወጣች። ነርሷ ድምፁ እስኪጠፋ ደጁ ላይ ቆማ «እባክህ አትፈር፣ እባክህ ጠይቃቸው» ትላለች።

የቀያሹ ወዳጅ ጥርስ ሐኪሙ የመጣው ዳኛው ከሄዱ ብዙም ሳይቆይ ነው። እሱም የዚሁ በሽታ ተጠቂ ነው፤ የእሱ መኪና የቀያሹ መኪና እህት ናት፣ ብቻ ቀለሟ ያላለቀ። በክንዱ ከባድ ካርቶን ታቅፏል።

«ደርሶልሃል በይው! ስንት ወር የጠበቀው ዕቃ ነው። የት አለ?»

«አባባን ይዞ ተራራ ወጣ።»

«በዚህ ብርድ? መቼም አባትሽን ጠቅልሏቸዋል።» ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈውና ከፈተው። የሚያብለጨልጭ የቆርቆሮ ሽፋን አወጣ። «አየሽው? ማራገቢያው ንፋስ ይነፋል፤ ንፋሱ በዚህ ቆርቆሮ ውስጥ በጋለው የጭስ ቧንቧ ላይ አልፎ ሞቆ ወደ ውስጥ ይገባል። ያማረ ሥራ ነው፣ ቧንቧው ጤነኛ ከሆነ። የእሱ መኪና የቀኙ ቧንቧ ዝጎ ተበስቷል፤ ጣት ያስገባል። ጭሱ ከሙቀቱ ጋር ቀጥ ብሎ ነው የሚገባው። ግን ጅል አይደለም፣ ቱቦውን ደፍኖታል።»

ነርሷ መደርደሪያው ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አየች።

«በምን ደፈነው?» አለች። ድምጿ ከሩቅ ነው የመጣላት።

«በምን ይሆናል፣ በጨርቅ ነዋ።»

በመስኮቱ ሰማያዊው ጨርቅ ገመዱ ላይ ይወዛወዛል። ጫፉ ገና ውሃ ያንጠባጥባል።

ክው አለች። ነርስ ናትና ጭሱ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ከሰል ለኩሰው በር ዘግተው የሚተኙትን የሚገድለው ያው ነገር ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት። ከዚያ እንቅልፍ፣ ደስ የሚል እንቅልፍ። የአባቷ ልብ ደግሞ በመድኃኒት የሚሄድ ልብ ነው። መስኮቱ እስከ ጫፉ ተዘግቷል። እጀታዋን ይሳቧት ያለችው እሷ ናት።

አባቷ ስልክ አይይዙምና ስልኳን አውጥታ ለቀያሹ ደወለች። የቀያሹ ስልክ እዚያው ጣውላ ቤት ውስጥ፣ በምስማር ከተሰቀለው የሥራ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ጮኸ።

ጥርስ ሐኪሙ ፊቷን ሲያይ ቁልፉን አወጣና ሮጠ።

ስለ ጥርስ ሐኪሙ አንድ ነገር ላውራ፤ ሲፈራ ያወራል። ከከተማው ሲወጡ ጀምሮ አፉ አልተከደነም። «አይዞሽ፣ ጎበዝ ነጂ ነው፣ ይነቃል፣ ሽታውን ያውቀዋል...»

«ሽታ የለውም፣ ዶክተር።»

«የተቃጠለ ዘይቱ እኮ ይሸታል።»

«እነዚህ መኪናዎች መቼ ነው ዘይት ዘይት የማይሸቱት?»

ጥርስ ሐኪሙ ማርሽ ቀየረ። ዳገቱ ተጀመረ። ነርሷ መስኮቱን ከፍታ ራሷን አውጥታ ወደ ላይ ታያለች፤ ብርዱ ዓይኗን ያስለቅሳታል፣ እንባውና ብርዱ አይለዩም። በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ላይ ሳትፈልግ መጀመሪያ የምታየው ገደሉን ነው። የተሰበረ አጥር አለ ወይ? የጎማ መስመር አለ ወይ? ከገደሉ ሥር የሚያብለጨልጭ ነገር ስታይ ትንፋሿ ይቆማል፤ ውሃ ይሆናል፣ ወይም የአንድ ጎጆ ቆርቆሮ ይሆናል፣ ትንፋሿ ይመለሳል፣ ቀጣዩ ጠመዝማዛ ይመጣል።

የሚወዷቸውን ሁለት ሰዎች በአንድ መኪና ማሳፈር አይገባም ልትል ምንም አልቀራት። የምትወዳቸውን ሁለቱን ሰዎች ጠባብ ሣጥን ውስጥ ከታ፣ ክዳኑን ዘግታ፣ እጇን አውለብልባ ሸኝታቸዋለች።

ተራራውን ሰንጥቆ በሚያልፈው መሿለኪያ አፍ ላይ መንገድ የሚጠግኑ ሰዎች ነበሩ። ቀይ ባንዲራ የያዘ ሠራተኛ አስቆማቸው። ነርሷ ግማሽ ወገቧን አውጥታ «እንደዚች ዓይነት አረንጓዴ መኪና አላየህም? ሽማግሌ የያዘች?» ብላ ጠየቀችው።

«አየሁ እንጂ። እዚሁ አስቁሜያቸው ነበር።» ሠራተኛው ፈገግ አለ። «ሰውዬው እንዴት ተኝተዋል! ጭንቅላታቸው በሩ ላይ ወድቆ። ጉንጫቸው ደግሞ ቀይ፣ እንደ ሕፃን። ልጃቸውን "አይቀሰቀሱም ወይ፣ አገር ምድሩን ሳያዩ" ብዬ ብጠይቀው "ዝም ሲሉ አይነኩም" አለኝ።»

ቀይ ጉንጭ። ነርሷ ያንን ቅላት በሥራዋ አይታዋለች። ጤና የሚመስል፣ ጤና ያልሆነ ቅላት ነው።

«እሱስ? ነጂውስ?»

«እሱማ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ያለቀሰ መስሎኝ ነበር እኮ።»

ጥርስ ሐኪሙ ባንዲራው እስኪነሳ አልጠበቀም። መሿለኪያው ውስጥ ሲገቡ ወሬውን አቆመ፤ ነርሷን ከሁሉም በላይ ያስፈራት የእሱ ዝም ማለት ነበር። በጨለማው ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። ከእንግዲህ ምንም ነገር አልለምንም አለች በልቧ። ባል አልለምንም፣ እሺታም አልለምንም። እምቢ ይበሏት፤ ጋዜጣቸውን እስከ ዕለተ ሞቷ ፊታቸው ላይ ይያዙ። ብቻ ከጋዜጣው ኋላ ይተንፍሱ።

ከመሿለኪያው ወጥተው ሁለተኛውን ጠመዝማዛ ሲዞሩ መኪናዋን አዩዋት። መንገዱን ግማሽ ዘግታ ወደ ገደሉ አፍንጫዋን አዙራ ቆማለች። ሁለቱም በሮች ተከፍተዋል። ውስጧ ሰው የለም።

ነርሷ መኪናው ሳይቆም ነው የወረደችው። ወደቀች፣ ተነሳች። ከመኪናዋ ማዶ ሣሩ ላይ አባቷ በጀርባቸው ተዘርረዋል። ቀያሹ አጠገባቸው ተንበርክኮ ኮሌታቸውን በሁለት እጁ ይዞ ይንጣቸዋል። የዳኛን ኮሌታ። የራሱ ከንፈር ደርቋል፤ ደረቱ ላይ አስመልሶበታል፤ ግን አላወቀም።

«ይስሙኝ! አባባ፣ ይስሙኝ! ይቆጡኝ እንጂ! አባባ!»

ዕድሜውን ሁሉ «ጌታዬ» ከማለት ሌላ ጠርቷቸው አያውቅም።

ነርሷ ጣቷን አባቷ አንገት ላይ አሳረፈች። የራሷ ደም ጆሮዋ ውስጥ እየመታ የእሳቸውን አልሰማ አላት። ጠበቀች። እንደገና ፈለገች። ከዚያ ቀጭን፣ የተቆራረጠ፣ ግን ያለ ነገር ጣቷን ነካው። በጎናቸው አዞረቻቸው፣ አፋቸውን ከፈተች፤ ንጹሑ ንፋስ፣ ያ የሚፈሩት ንፋስ፣ ፊታቸው ላይ ነፈሰ። ቀያሹ አያት። ከየት እንደመጣች፣ እንዴት እንደመጣች አልጠየቃትም። «ገደልኳቸው?» አላት ብቻ።

እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ግን «ይተነፍሳሉ» ብቻ አለችው።

የወሰዷቸው ከተራራው ግርጌ ወዳለ ትንሽ ሆስፒታል ነው። ሁለቱን ወንዶች ጎን ለጎን አስተኝተው ፊታቸው ላይ የኦክስጅን ጭንብል አደረጉላቸው። ነርሷ በሁለቱ አልጋዎች መሃል ቆማለች። የሌላ ሰው ሆስፒታል ነውና ለእጇ ሥራ የላትም።

ዶክተሩ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቅ ቀያሹ ጭንብሉን አነሳ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልፈትሽ ነው ይዣቸው የወጣሁት። የዘጋሁት ነገር ተከፍቶ ነበር።» ከዚያ ለነርሷ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጠይቄያቸው ነበር» አላት። «መሿለኪያው ጋ ሳንደርስ ጠየቅኳቸው። ልጅዎን እወዳታለሁ፣ ፈቃድዎን እለምናለሁ አልኳቸው። ዝም አሉ። አባቴ መንዳት ያስተማረኝ እንዲህ ብሎ ነው፤ ዳኛው ዝም ሲሉ አትያቸው፣ አትድገምባቸው፣ መንገድህን ንዳ። ነዳሁ። ራሴን ሲያመኝ በድንጋጤ ነው ብዬ ነዳሁ። ሰውዬው አጠገቤ ሲሞቱ እኔ በአክብሮት እነዳለሁ።»

«እንዴት አወቅክ ታዲያ?»

«እጃቸው ወደቀ። ማርሹ ላይ፣ እጄ ላይ። ያኔ ነው ያየኋቸው።»

አሁን ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ጨርቁ ደርቋል፣ ይታጠፋል፣ ያልቃል። ግን አባቷ ይህንን ሰው እንደ ገዳያቸው አይተውት ይኖራሉ። ብትናገር ደግሞ ሁለቱም እንዴት ያዩዋት ይሆን? ፈራች። ከመንገዱ ይልቅ እዚህ ፈራች፣ መንገዱ ላይ ቢያንስ መሮጥ ነበረ።

«ጨርቁን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «የረሳኸው መስሎኝ። ቱቦውን መልሼ ገጠምኩት። ብርድ ልብሱን አነሳሁት። እጀታዋን ይሳቧት ያልኳቸውም እኔ ነኝ። እሱ አይደለም፣ አባባ። ይሰማሉ? እሱ አይደለም።»

ቀያሹ ትራሱ ላይ ሆኖ አያት። ከዚያ በኦክስጅኑ ቱቦ ላይ እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘው።

ዳኛው ዓይናቸውን ከፍተዋል። መቼ እንደከፈቱት ማንም አላየም። ጭንብላቸውን በዝግታ ወደ አገጫቸው አወረዱ።

«የሳብኳት እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው ሻካራ ነው። «በርዶኝ ነበር። በርዶኛል ማለት አፍሬ፣ ሳያየኝ ሳብኳት። ስለዚህ ፍርዱን ለሦስት እንካፈለው።»

ማንም አልሳቀም።

«አንተ» አሉ ወደ ጎረቤት አልጋ ዞረው። «እምቢ ያልኩህ መስሎሃል።»

«ዝም ብለውኝ ነበር፣ ጌታዬ።»

«ዝም አላልኩም።» ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ቆዩ። «ሰምቼሃለሁ። እሺ አልኩህ። አባትህን ዕድሜ ልኬን ከኋላ ማጅራቱን ብቻ ነው ያየሁት። ዛሬ ጎንህ ተቀምጬ ፊትህን አየሁና፣ እሱንስ ለምን አንድ ቀን ከጎኑ ተቀምጬ አላየሁትም አልኩ። ያኔ ጠየቅከኝ። እሺ አልኩህ። ድምፄ ለራሴ ይሰማኛል፤ አንተ ግን ዝም ብለህ ትነዳለህ። ደገምኩት። አፌ እንዳልተከፈተ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።»

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ስንት ሰው ፊቴ ቆሞ ሲፈራ አይቻለሁ። ፍርሃት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ግን ዛሬ ነው። ሞቱ አይደለም ያስፈራኝ። እምቢ ብሎኝ ሞተ እያልክ መኖርህ ነው። ያ እጅ አልወደቀም፣ ልጄ። የቀረኝን ሁሉ ሰብስቤ ልኬልህ ነው።»

ቀያሹ ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀብሮ አለቀሰ። ድምፅ ያለው ልቅሶ ነበር። ዳኛው ጣሪያውን እያዩ እስኪበርድለት ጠበቁት፤ ከዚያ «አሁን ድገመው» አሉት። «ቀና ብለህ፣ ዓይኔን እያየህ።»

ቀና አለ። ደገመው። ቃላቱ ተደናቅፈው ወጡ፣ ግን ሁሉም ወጡ።

«እሺ» አሉ ዳኛው። ወዲያው ዓይናቸው በድንጋጤ ተከፈተ፣ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ተሰማ?»

«ተሰማ፣ አባባ» አለች ነርሷ። ግን እሷም ገና አላመነችምና ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ አፋቸው አስጠጋች፤ እሳቸውም ደገሙላት።